እኛ ጋ ይሠራል፣ አንባቢው ጋ ባዶ ነው፦ ድረ ገጽን ለእንግዳ ጎብኚ የሚያበላሹ ስክሪፕቶች

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት ጽሑፍ ርዕሱ ሲታይ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። «ስክሪፕት ምናምን ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉም አውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። ይሁን እንጂ የደረሰብን አንድ ነገር ሐሳቤን ስላስለወጠኝ፣ ከእኔ ስህተት ሌላው ይማርበት በማለት ብዕሬን አንስቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው

ባለፈው ሴሚስተር ቡድናችን ለኮርስ የሚሆን የመለማመጃ ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። አምስት ነበርን። ከአምስታችን ውስጥ «ኮድ ይሞካክራል» የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ የቴክኒኩ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ድረ ገጹን የሠራነው ድሩፓል በሚባለው ሶፍትዌር ነው።

ከቡድናችን አንዷ በሴቶች ዶርም የውኃ ችግር ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከመችበትን ዘገባ ጨረሰች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉ ተማሪዎችን አነጋግራለች፤ የሚመለከታቸውንም ኃላፊ ቢሮ ድረስ ተመላልሳ ጠይቃለች። ዘገባው የወጣው ሰኞ ማታ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ምሽት «ገጹን ትንሽ ላሳምረው» ብዬ አንድ ስክሪፕት ጨመርኩ። ገጹ ሲከፈት ጽሑፉ ቀስ እያለ ብቅ እንዲል የሚያደርግ ነው። በላፕቶፔ ላይ ሳየው በጣም ያምራል። አራቱም ጓደኞቼ በየኮምፒውተራቸው አይተው ወደዱት። መምህራችንም በራሳቸው አካውንት ገብተው ሲያዩት ደህና ነበር የታያቸው።

ማክሰኞ አንድም ሰው «አነበብኩት» አላለም። ረቡዕም ዝም፣ ሐሙስም ዝም። ጓደኛችን «ሰው ጉዳዩ አይደለም ማለት ነው፣ ወይም አጻጻፌ አይረባም» እያለች ተስፋ ቆረጠች። የሚቀጥለውን ክፍል አልጽፍም እስከማለት ደረሰች። ሐሙስ ማታ ግን ደሴ ያለችው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። ሊንኩን ልኬላት ነበር።

«እንዴ፣ ምኑን ነው የማነበው? ነጭ ወረቀት ነው እኮ የላክህልኝ!» አለችኝ።

«የአንቺ ኔትወርክ ይሆናላ» አልኳት። በኔትወርክ ማሳበብ መቼም ልማዳችን ነው።

«ኔትወርኩ ደህና ነው። ርዕሱም ፎቶውም ይታያል። ከሥሩ ግን ምንም የለም።»

ለካስ ሦስት ቀን ሙሉ ዘገባው የሚታየው ለእኛ ለሠሪዎቹ ብቻ ኖሯል። አንባቢ ያልነው ሰው ሁሉ ሲያይ የሰነበተው ባዶ ገጽ ነው።

ለመሆኑ አንድ ድረ ገጽ ሁለት መልክ የሚኖረው ለምንድን ነው?

ድሩፓልን የጀመረው ድሪስ ባይታርት የሚባል ቤልጅየማዊ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ማንም ሰው በነፃ ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ ለቀቀው። እንደ ድሩፓልና እ.ኤ.አ. በ2003 እንደወጣው ዎርድፕሬስ ያሉ ሶፍትዌሮች ገጹን አንድ ጊዜ ጽፈው የሚያስቀምጡት ነገር አይደለም። ጎብኚ በመጣ ቁጥር «ይሄ ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እንደ መልሱም ገጹን ያዘጋጃሉ።

በስምና በይለፍ ቃል ስንገባ ሰርቨሩ ለብራውዘራችን ኩኪ የምትባል ትንሽ መታወቂያ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ገጽ በከፈትን ቁጥር ብራውዘሩ ያችን መታወቂያ ያሳያል። መታወቂያ የሌለው ጎብኚ «እንግዳ» ነው። በድሩፓል ዳታቤዝ ውስጥ የእንግዳ ጎብኚ ቁጥር 0 ሲሆን፣ ድረ ገጹን መጀመሪያ የተከለው አስተዳዳሪ ደግሞ ቁጥር 1 ነው። በ0 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ልዩነቱን በሦስት ከፍለን እንየው።

አንደኛው ፈቃድ ነው። ቁጥር 1 በተለመደው አሠራር ሁሉም በር ክፍት የሆነለት ሰው ነው። እንግዳው ግን የተፈቀደለትን ብቻ ነው የሚያየው።

ሁለተኛው አብረው የሚመጡ ነገሮች ናቸው። አስተዳዳሪ ሲገባ ከገጹ አናት ላይ የመሣሪያ አሞሌ፣ በየጽሑፉ አጠገብ ደግሞ «አርትዕ» የሚሉ ቁልፎች ይመጡለታል። እነዚህ ነገሮች እንዲሠሩ የሚያስፈልጓቸው የኮድ ፋይሎችም ተከትለው ይመጣሉ። እንግዳው አሞሌውም ስለሌለው ፋይሎቹም አይመጡለትም። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሦስተኛው ካሽ የሚባለው ነው። ካሽ ማለት የኮፒ ቤት ሥራ እንደማለት ነው። መምህሩ ሃንድአውቱን አንዴ ኮፒ ቤት ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ ሁሉ የሚወስደው ቅጂውን ነው። ሰርቨሩም ለእያንዳንዱ እንግዳ ገጹን እንደ አዲስ ከማዘጋጀት ይልቅ አንዴ ያዘጋጀውን አስቀምጦ ለሁሉም ያድላል። ፍጥነቱ ግሩም ነው። ነገር ግን ዋናው ወረቀት ላይ 3ኛው ገጽ ተዘልሎ ከተቀመጠ፣ ክፍሉ በሙሉ 3ኛ ገጽ የሌለው ሃንድአውት ይዞ ይሄዳል። መምህሩ ቢሯቸው ያለውን ቢያስተካክሉም ኮፒ ቤት ያለው እስካልተቀየረ ድረስ ለውጥ የለም።

የእኛ ችግር ከየት መጣ?

የድረ ገጽ ገጽታ የምንለው ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን፣ የሜኑውን አቀማመጥ የሚወስኑ ፋይሎች ስብስብ ነው። ስክሪፕት ደግሞ በገጹ ላይ እንቅስቃሴ የሚጨምር በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ጃቫስክሪፕትን አጻጻፉን ለማቅለል ጄኩዌሪ የሚባል የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በጆን ሬሲግ የወጣ ነው። በጄኩዌሪ የተጻፈ ስክሪፕት ጄኩዌሪ ከሌለ ምንም ሊሠራ አይችልም። ክብሪት ሳይኖር ምድጃ እንደማለት ነው።

እኔ የጨመርኩት ስክሪፕት የተጻፈው ለድሩፓል 7 ነበር። በ7ኛው ዘመን ስክሪፕት ሲጨመር ጄኩዌሪ ሳይጠሩት ተከትሎ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ከወጣው ከድሩፓል 8 ወዲህ ግን ይህ ቀርቷል። ገጹ እንዲቀል ሲባል ጄኩዌሪ የሚመጣው ሲጠራ ብቻ ሆነ። እኔ አልጠራሁትም። ታዲያ ለምን በእኔ ላፕቶፕ ሠራ? አሁን ወደያዝናት ነጥብ እንመለስ፦ የእኔ የአስተዳዳሪ አሞሌ ለራሱ ሥራ ጄኩዌሪን ጠርቶ ስለነበር የእኔም ስክሪፕት በእርሱ ክብሪት ይለኩስ ነበር። እንግዳው ጋ አሞሌ የለም፤ አሞሌ ከሌለ ጄኩዌሪ የለም፤ ጄኩዌሪ ከሌለ ስክሪፕቱ ገና ሲጀምር ይሞታል።

እሺ፣ ስክሪፕቱ ሞተ እንበል፤ ጽሑፉስ ለምን ጠፋ? እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት የከበደው። ጽሑፉ «ቀስ እያለ ብቅ» እንዲል በቅድሚያ መደበቅ ነበረበት። ስለዚህ በገጽታው ፋይል ውስጥ ጽሑፉ እንዳይታይ አዝዤ፣ የመግለጡን ሥራ ለስክሪፕቱ ሰጥቼዋለሁ። ደባቂው ሠራ፣ ገላጩ ሞተ። ጽሑፉ ገጹ ውስጥ አለ፣ ግን አይታይም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ምን መደረግ አለበት? ሐሙስ ሌሊቱን ከአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ከሄድንበት መንገድ ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1ኛ. እንግዳ ሆኖ ማየት። በብራውዘር ላይ የግል መስኮት የሚባለውን መክፈት ነው። በክሮም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን፣ በፋየርፎክስ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ አንድ ላይ መጫን ይበቃል። በዚያ መስኮት ሎግኢን እንዳታደርጉ፤ ካደረጋችሁ ተመልሳችሁ ባለቤት ሆናችሁ ማለት ነው። ከተቻለ ደግሞ ገብተንበት በማናውቅ ሌላ ስልክ ላይ ማየት ይበልጥ ይታመናል። ችግሩ እንግዳው ጋ ብቻ ከታየ ግማሹ መልስ ተገኝቷል፦ መንስኤው ከፈቃድ፣ አብረው ከሚመጡ ፋይሎች ወይም ከካሽ አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

2ኛ. ብራውዘሩን ራሱን መጠየቅ። ኤፍ 12 የሚለው ቁልፍ ሲጫን የባለሙያ መሣሪያዎች ይከፈታሉ። ኮንሶል በሚለው ክፍል ስህተቶች በቀይ ይዘረዘራሉ። የእኛ ላይ ጄኩዌሪ የሚባል ነገር አልታወቀም የሚል አንድ ቀይ መስመር ከነፋይሉ ስምና ከነመስመሩ ቁጥር ቁጭ ብሎ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እየጮኸ ሰሚ አላገኘም! ስህተቶቹ ብዙ ከሆኑ መጀመር ያለብን ከመጀመሪያው ነው፤ የቀሩት ብዙውን ጊዜ የእርሱ ልጆች ናቸው። ኔትወርክ የሚለው ክፍል ደግሞ የትኛው ፋይል እንዳልመጣ ያሳያል። 404 ካለ ፋይሉ የለም፤ 403 ካለ ፋይሉ አለ ግን እንግዳው አልተፈቀደለትም።

3ኛ. ግማሽ በግማሽ ማጥፋት። ኮንሶሉ ግልጽ ካላደረገልን የራሳችንን ስክሪፕቶች ለጊዜው ማጥፋት ነው፤ የሚሻለው በድረ ገጹ ቅጂ ላይ መሞከሩ ነው። 8 ስክሪፕቶች ካሉና ጥፋተኛው አንድ ከሆነ፣ አራቱን አጥፍቶ ማየት። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከአራቱ አንዱ ነው፤ ካልጠፋ ከቀሩት አራቱ ውስጥ ነው። እንዲህ ስንከፍል በ3 ሙከራ እናገኘዋለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ድሩፓል ለፍጥነት ሲባል ብዙ ስክሪፕቶችን በአንድ ፋይል እንዲያጠቃልል ማድረግ ይቻላል። በአንድ ፋይል ከተጠቃለሉ አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ያሉት ሳይሠሩ ይቀራሉ። ስለዚህ «ሜኑው አልከፈት አለ» ብለን ሜኑውን ስንወቅስ፣ ጥፋተኛው ከፊቱ የቆመ ሌላ ስክሪፕት ሊሆን ይችላል። ፍለጋ ላይ ሳለን ማጠቃለሉን ማጥፋት ነገሩን ያቀላል።

4ኛ. ማስተካከል። የእኛ መፍትሔ አንድ መስመር ነበረች። ገጽታው የሚጠቀምባቸው ስክሪፕቶች በሚመዘገቡበት ፋይል ውስጥ «ይህ ስክሪፕት ጄኩዌሪን ይፈልጋል» ብሎ መጻፍ ነው። እኔ ግን በችኮላ መስመሯን ወደ ውስጥ ለማስገባት ታብ ተጠቀምኩ። ያ ፋይል በያምል አጻጻፍ የሚጻፍ ሲሆን፣ ያምል ለዚህ ሥራ ታብን አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ድረ ገጹ ለሁላችንም ወደቀ። ጓደኛዬ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

5ኛ. ኮፒ ቤቱን መቀየር። ካስተካከልን በኋላ ካሹን ካላጸዳን እንግዳው አሮጌውን ቅጂ ሊያገኝ ይችላል። እኛም «አስተካክለን አልሠራም» ብለን ትክክለኛውን መፍትሔ ልንጥለው እንችላለን። ድሩፓል ላይ ካሽ የማጽጃ ቁልፍ አለ። አንዳንድ ሰርቨሮች ከፊታቸው ሌላ ካሽ ስላላቸው እርሱም መታየት አለበት። ከዚያ ወደ 1ኛው ተመልሶ በግል መስኮት ማረጋገጥ ነው።

ሌሎች የተለመዱ መንስኤዎች

የእኛ ጉዳይ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ሳነብና ስሞክር ያገኘኋቸውን ሌሎች መንስኤዎች ደግሞ ባጭሩ ላካፍላችሁ።

አንዳንድ ስክሪፕት የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ በፒኤችፒ የሚጻፈው ይህ ነው። ለምሳሌ በገጹ ጥግ ላይ የገባውን ሰው ፎቶ የሚያወጣ ኮድ ጻፍን እንበል። እኛ ስንገባ ፎቷችን ይወጣል። እንግዳው ግን ፎቶ የለውም። «የሌለ ሰው ፎቶ አምጣ» የተባለው ኮድ ተደናብሮ ገጹን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። መፍትሔው ፎቶውን ከመጠየቅ በፊት «ሰው ገብቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት በብራውዘሩ ኮንሶል አይገኝም፤ ሰርቨሩ ስህተት በሚመዘግብበት መዝገብ ላይ ነው የሚፈለገው።

ሌላው የስልክና የኮምፒውተር ነገር ነው። ጎብኚው በስልክ ከመጣ ሰርቨሩ ጠባቡን ገጽታ፣ በኮምፒውተር ከመጣ ሰፊውን እንዲሰጥ የሚያዝ ስክሪፕት አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ካሹ ግን ይህን ልዩነት እንዲያውቅ ካልተነገረው፣ መጀመሪያ የመጣው እንግዳ ስልክ ከያዘ የስልኩ ገጽታ ይቀመጥና በኮምፒውተር ለመጣው ሁሉ ይታደላል። አስተዳዳሪው ይህን ቅጂ ስለማያገኝ «እኔ ጋ ደህና ነው» ይላል።

ዎርድፕሬስ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዳሺኮንስ የሚባሉት ትንንሽ ምልክቶች ከአስተዳዳሪው አሞሌ ጋር ነው የሚመጡት። ገጽታችን ሳይጠራቸው ከተጠቀመባቸው እኛ ምልክቱን እናያለን፤ እንግዳው ባዶ ቦታ ያያል። «ተጨማሪ ዜና አሳይ» የመሰለ ቁልፍ ሠርተን ለገቡ ሰዎች ብቻ ከመዘገብነውም እንግዳው ሲጫነው ሰርቨሩ 0 ብቻ ይመልስለታል። ለእንግዶች «ኖፕሪቭ» በሚል ስም ለብቻው መመዝገብ አለበት።

ከሁሉም በላይ ግን የተማርኩት አንድ ደንብ አለ፦ ጽሑፉ ያለ ስክሪፕት መነበብ አለበት። ማስዋቢያው ከላይ የሚደረብ እንጂ ዋናውን የሚሸከም መሆን የለበትም። ስክሪፕቱ ቢወድቅ አንባቢው ማጣት ያለበት ውበቱን እንጂ ዜናውን አይደለም። ስለዚህ እኔም በመጨረሻ ያንን ደብቆ መግለጥ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አወጣሁት።

ይህ ታዲያ ለጋዜጠኛ ምኑ ነው?

ጋዜጣ ሲታተም አዘጋጁም አንባቢውም የሚይዙት አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ቀለሙ ከፈዘዘ ለሁለቱም ፈዝዟል። በድረ ገጽ ግን አዘጋጁ ሳያውቀው ከአንባቢው የተለየ ወረቀት ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ደግሞም እንግዳው አይጮህም። ባዶ ገጽ ያየ ሰው ቁጥራችንን ፈልጎ አይደውልም፤ ዘግቶ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ዝምታውን «ሰው አላነበበንም፣ ሰው ጉዳዩ አይደለም» ብለን እንተረጉመዋለን። ጓደኛችን ላይ የደረሰው ይኼው ነው። በእኔ ሁለት መስመር ኮድ ምክንያት የራሷን ብዕር ጠረጠረች። ሌሊት ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ልጆችም ድምፃቸው ሦስት ቀን ታፍኗል።

ዓርብ ጠዋት ለቡድኑ በሙሉ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩ። እርሷን ለብቻዋ ይቅርታ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ተናደደች፤ እውነቷን ነው። ከሰዓት በኋላ ሊንኩን እንደገና አሰራጨነው። ማታ ላይ ከዶርሟ አራት ልጆች መጥተው «እኛንም ጠይቂን፣ የምንጨምረው አለን» አሏት። ሁለተኛውን ክፍል የጻፈችው ከእነርሱ በሰማችው ነው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቡድናችን አንድ ልማድ አበጅቷል። ጽሑፍ ከወጣ በኋላ አንዳችን ከአካውንታችን ወጥተን በግል መስኮት እናየዋለን፤ ሊንኩንም ከግቢ ውጪ ላለ አንድ ሰው እንልካለን። እህቴ ሳታውቀው የድረ ገጻችን ተቆጣጣሪ ሆናለች። አሁን ማንም ሰው «ጽሑፉ ወጥቷል» ብሎ ሲመጣ ጓደኛችን የምትመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦

«ደሴ ታይቷል?»

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!